ተጨማሪ መረጃ፦ ማስረጃው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲገባ

ክብደቱ አነስተኛ ሆኖ የተወለደን ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቀፍ (የካንጋሩ እንክብካቤ) እ.ኤ.አ. በ1978 በቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ተጀመረ። በአዲስ አበባም ጥናት ተደርጎበት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ የተለመደው አሠራር ሕፃኑ እስኪረጋጋ ድረስ በማሞቂያ ማቆየት ነበር።

በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተካሂዶ በ2021 የታተመ ጥናት ይህን ልማድ ፈተነ። ከ1 ኪሎ ግራም እስከ 1.8 ኪሎ ግራም ገደማ ከሚመዝኑት ሕፃናት መካከል፣ እንደተወለዱ ወዲያው መታቀፍ ከጀመሩት በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት 12 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው አሠራር ከታከሙት ግን 15.7 በመቶ ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ምክረ ሐሳቡን አሻሻለ፤ እንክብካቤው ወዲያው ተጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሰጥ መከረ።

ማስረጃውን ለባልደረቦች ማካፈልና በሥራ ላይ ማዋል የሚቻለው እንዴት ነው?

• በፈረቃ ርክክብ ወቅት፦ «ሕፃኑ ዛሬ ስንት ሰዓት ታቀፈ?» ብሎ መጠየቅ፤ መልሱንም ቻርቱ ላይ መመዝገብ።
• በክፍሉ ስብሰባ፦ አንድ ጥናት መርጦ አብሮ ማንበብ፤ «ለእኛ ታካሚዎች ይሠራል ወይ?» ብሎ መወያየት።
• ከኃላፊዎች ጋር፦ እናቲቱ ከልጇ አጠገብ የምታርፍበት አልጋ እንዲዘጋጅ መጠየቅ። አልጋው ከሌለ ነርሷ የቱንም ያህል ብታውቅ እንክብካቤውን ለሰዓታት ማስቀጠል ይከብዳል።