ጨረቃን የሚያጎድላት የምድር ጥላ ነው? አይደለም!

ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ኢድም ሲቃረብ በየዓመቱ የምንሰማት ዜና አለች፦ «ጨረቃ ዛሬ ማታ ከታየች ነገ፣ ካልታየች ደግሞ ከነገ ወዲያ»። እኛም ዜናዋን ባወጣን ቁጥር ሁለት ጥያቄ አይቀርልንም። «በዚህ ዘመን ይህን ቀድሞ ማወቅ እንዴት ያቅታል?» የሚል አለ። «ሌላ አገር ታየች ተብሏል፣ እዚህ ማን ደበቃት?» የሚልም አለ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ጨረቃ በወር ውስጥ መልኳን በምትቀያይርበት ምክንያት ላይ ስለሆነ ከዚያው እንጀምር።

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት እናጥራ። ብዙዎቻችን ጨረቃን የሚያጎድላት የምድር ጥላ ይመስለናል። የምድር ጥላ ጨረቃ ላይ የሚያርፈው ግን በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም ምሽት ደመና ያልጋረዳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሙሉዋ ጨረቃ በሰዓታት ውስጥ ጠቁራ፣ ቀልታ፣ ተመልሳ በራች። ያ ጥላ ነበር። የየወሩ መጉደል ግን ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ታዲያ ምንድነው? ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም። እንደ ምድር ሁሉ እሷንም ፀሐይ የሚያበራላት በአንድ ጎኗ ነው። በግርዶሽ ካልሆነ በቀር ግማሿ ሁልጊዜ ብርሃን፣ ግማሿ ሁልጊዜ ጨለማ ነው። የበራው ግማሽ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሚለወጠው እኛ የምናይበት አቅጣጫ ነው። ምድርን ስትዞር የበራው ጎኗ አንዴ ሙሉ በሙሉ፣ አንዴ በከፊል ይታየናል፤ አንዴ ደግሞ ጀርባውን ይሰጠናል።

ቤት ውስጥ ሞክሩት። ማታ መብራት አጥፉና (ራሱ ከጠፋም ይመቻል) አንድ ሻማ በዓይናችሁ ትክክል አስቀምጡ። ብርቱካን ወይም ድንች በሹካ ወግታችሁ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ ከጭንቅላታችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ሻማው ፀሐይ፣ ብርቱካኑ ጨረቃ፣ ጭንቅላታችሁ ምድር ነው። ፊታችሁን ወደ ሻማው ስታደርጉ ብርቱካኑ በእናንተ በኩል ጨለማ ነው። ቀስ እያላችሁ ወደ ግራ ዙሩ፦ መጀመሪያ ቀጭን ጠርዝ፣ ሩብ ዙር ላይ ግማሽ፣ ጀርባችሁን ለሻማው ስትሰጡ ሙሉ። ከዚያ እንደገና ይጎድላል።

ሰማዩ ላይም ያው ነው። ዙሩ በአማካይ 29 ቀን ተኩል ይፈጃል። ቀጭኗ ጨረቃ ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ ትታያለች፤ እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ እንደ ጀልባ ጋደም ብላ ነው የምናያት። በሳምንቷ ግማሽ ትሆንና ፀሐይ ስትጠልቅ አናታችን አካባቢ እናገኛታለን። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ በምዕራብ ስትገባ እሷ በምሥራቅ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች፣ ከሳምንት በኋላ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ የምትወጣ ግማሽ ጨረቃ ትሆናለች። ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄዱ ሰማይ ላይ ነጣ ብላ የምታዩዋት እሷ ናት።

በመጨረሻ በእኛና በፀሐይ መካከል ትገባለች። ያኔ አለች፣ ግን አትታይም፤ የበራው ጎኗ ወዲያ ነው፣ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ከፀሐይ ጋር ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት መስላ የታየችው ጨረቃ እዚህ ቦታ ላይ ሆና ቀጥታ ፊቷ ስላለፈች ነበር። ይህ በየወሩ የማይሆነው የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ስላለ፣ ብዙ ጊዜ ከፀሐይ በላይ ወይም በታች ስለምታልፍ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ጨረቃ እዚያ ቦታ የምትደርስበት ደቂቃ ቀድሞ በስሌት ይታወቃል። ችግሩ ያቺ ደቂቃ ማንም ጨረቃን የማያይባት መሆኗ ነው። በዓይን ለመታየት ከፀሐይ ራቅ ማለት አለባት፤ ለዚህም ከ15 ሰዓት በላይ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ቀን ገደማ ያስፈልጋታል። በ29ኛው ቀን ማታ ከታየች ወሩ በ29 ያልቃል፣ ካልታየች 30 ይሞላል። ከእኛ በስተምዕራብ ባለ አገር ፀሐይ ዘግይታ ስለምትጠልቅ ጨረቃ የምትርቅበት ተጨማሪ ሰዓት ታገኛለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ያልታየች ጨረቃ በዚያው ምሽት ሞሮኮ ላይ ልትታይ ትችላለች። ደመናና አቧራም አለ። አንዱ አገር «ታየች»፣ ሌላው «አልታየችም» ስላለ የግድ አንዳቸው ዋሽተዋል ማለት አይደለም።

ወሩ በስሌት ይያዝ ወይስ በዓይን የሚለው የሃይማኖቱ ሊቃውንት ጉዳይ ነው፤ እኛ አንገባበትም። ሰማዩ ግን የሁላችንም ነው። በግዕዝ «ወርኅ» ማለት ጨረቃም ወርም ነው፤ ዛሬ «ወር» የምንለውም ከዚያው የመጣ ነው። ዛሬ ማታ ቀና በሉና የትኛው ጎኗ እንደበራ እዩ፤ ፀሐይ ያለችው በዚያ በኩል ነው። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ብርቱካኑን ከመላጣችሁ በፊት አብራችሁ ሞክሩት።