የሁለት ዓመት ዋስትና በስንት ይሸጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዋጋውን ይሰማል፤ ቀጥሎ «የስንት ወር ትከፍላለህ?» ይባላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም።

ተከራዮች ለዓመታት የስድስት ወር ኪራይ አስቀድመው ሲከፍሉ የኖሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ለዚያን ያህል ጊዜ «ጨምር፤ ካልሆነ ልቀቅ» እንዳይባሉ እፎይታ እየገዙ ነበር። አዋጁ ይህንኑ እፎይታ ያለ ዋጋ ሰጥቷል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው። ስለዚህ ወርኃዊ ኪራዩ 15 ሺህ ብር ለሆነ ቤት የስድስት ወር 90 ሺህ ብር የሚከፍል ሰው፣ ከሕጉ ጣሪያ በላይ ያለውን 60 ሺህ ብር ለአከራዩ ያለ ወለድ አበደረ ማለት ነው።

አከራዩም የራሱ ስሌት አለው። እንዳሻው መጨመር እንደማይችል ሲያውቅ፣ የሚመጣውን የኑሮ ውድነት ከወዲሁ በመነሻ ኪራዩ ላይ ሊጭን ይሞክራል። መከራከር የሚያዋጣውም እዚያው ላይ፣ ከፊርማ በፊት ነው።

አደገኛው ድርድር ግን ሌላ ነው። የኪራይ ገቢ ግብር ለመቀነስ፣ ለዚያው የ15 ሺህ ብር ቤት «ውሉ ላይ 8 ሺህ እንጻፍ፤ ቀሪውን በእጅ ትሰጠኛለህ» የሚል አከራይ አይጠፋም። ሕጉ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። በእጅ የሚሰጠው 7 ሺህ ብር ማስረጃ የለውም። አከራዩ ነገ 10 ሺህ ቢያደርሰው ተከራዩ ጭማሪውን በምን ያሳያል? አቤት ቢልም መጀመሪያ የሚጠየቀው ራሱ ስለፈረመበት የሐሰት ዋጋ ነው።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት የቤቱን ካርታ ወይም የአከራዩን ውክልና ማየት፣ መብራትና ውሃ ማን እንደሚከፍል በውሉ ማስፈር ያስፈልጋል። «ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው» በሚል ጥድፊያ ምዝገባው ለሌላ ቀን ከተባለ፣ ቅድመ ክፍያውም አብሮ ለዚያው ቀን ይቆይ። ገንዘቡን አስቀድሞ የተቀበለ አከራይ ለምዝገባ ወደ ወረዳ የሚያስኬደው ጉዳይ የለውም።