መክተፊያና የአረፋው ነገር

ሮማ ውስጥ በቢላዋው የሚኮራ፣ የቡና ማፍያውን እንደ ቅርስ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። መክተፊያውን የሚያነሳ ግን የለም። ሽንኩርቱንም ሥጋውንም ዳቦውንም ችሎ የሚሸከመው እሱ ሆኖ ሳለ፣ የሚታወሰው ሲሸት ብቻ ነው። የቢላዋን ስለት የሚጠብቀውም እሱ ነው፤ መስታወት ወይም እብነ በረድ ላይ የሚከትፍ ሰው ዕድሜውን ቢላዋ ሲያስል ይኖራል።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም፤ ጠንካራና የማይሸት ይሁን። እዚህ የሚወደደው የወይራ እንጨት ነው፤ አገር ቤት ጋን የምናጥንበት ወይራ የቅርብ ዘመዱ ነው።

«እንጨት ጀርም ያቁራል፣ ፕላስቲክ ይሻላል» የሚሉኝን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ዲን ክላይቨር የተባለ አሜሪካዊ የምግብ ደኅንነት ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሁለቱን አወዳድሮ ውጤቱን በ1994 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። እንጨቱ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ሲስብ ባክቴሪያውም አብሮ ይገባል፤ እዚያ ግን አይራባም፣ ቀስ በቀስም ያልቃል። ፕላስቲኩ አዲስ ሳለ በቀላሉ ይታጠባል፤ ቢላዋ ከተለተለው በኋላ ግን በጭረቱ ውስጥ የተሸሸገውን በእጅ አጥቦ ማውጣት ከባድ ሆኖ ተገኘ።

ምግብ ቤቶች ፕላስቲኩን የሚያዘወትሩት የራሳቸው ምክንያት ስላላቸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2004ቱ የምግብ ንጽሕና ደንብ፣ ቁጥር 852፣ ምግብ የሚነካው ገጽ ለስላሳና በቀላሉ የሚታጠብ እንዲሆን ይጠይቃል። ቀይ ለጥሬ ሥጋ፣ ሰማያዊ ለዓሣ፣ አረንጓዴ ለአትክልት የሚል ልማድም አላቸው። ቀለሙ ይቅርብን፤ ሐሳቡን ቤታችን ብናስገባው ግን ምን ነበረበት? ለመስቀል ክትፎ የከተፈበትን መክተፊያ በጨርቅ ጠረግ አድርጎ፣ እዚያው ላይ የሰላጣ ቲማቲም የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ። ለሥጋ አንድ፣ ለሌላው አንድ መያዝ ይህን ያህል ወጪ አይደለም። የኮሶ ነገር ለብቻው ነው፤ የትሉ እጭ ሥጋው ውስጥ ስላለ መክተፊያ ማጠብ ከእሱ አያድንም።

አሁን ወደ አረፋው። ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ፣ ኤስኲሊኖ ገበያ ውስጥ፣ በርበሬና ጤፍ ከምንገዛበት ሱቅ ደጃፍ አንዲት የአገሬ ልጅ የመክተፊያዋን ምስጢር አጫወተችኝ።

«መጀመሪያ ቢካርቦናቶ ትነሰንሻለሽ፤ ከዚያ አቼቶ ታፈሺበታለሽ። ጀርሙ ሲንጫጫ ይሰማሻል እኮ!»

የምትሠራላቸው ሲኞራ ናቸው ያስተማሯት። አይፈረድባትም። ሮማውያን በቢካርቦናቶ፣ በቤኪንግ ሶዳ ማለት ነው፣ ያላቸው እምነት ጠበል ከሚጠጣ ሰው እምነት አያንስም፤ ሰላጣ ያጥቡበታል፣ ሆዳቸውን ሲነፋቸው ይጠጡታል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያኖሩታል።

የሚንጫጫው ግን ጀርሙ አይደለም። አቼቶ አሲድ ነው፣ ቢካርቦናቶ ደግሞ የአሲድ ማርከሻ። ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይጨርሳል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አምቦ ውሃ ሲከፈት ቡልቅ የሚለው ያው ጋዝ። እሱ በኖ ሲሄድ ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው የሟሟበት ውሃ ይቀራል። ልኩ ከገጠመማ አቼቶውም ቢካርቦናቶውም የለም፤ በሁለት ዕቃ ገንዘብ አንድ ጨዋማ ውሃ ተሠራ ማለት ነው።

«ታዲያ ለእኔ ለምን ይጸዳልኛል?» አለች።

«ከአረፋው በኋላ ምን ታደርጊያለሽ?»

«በሙቅ ውሃና በሳሙና እፈትገዋለሁ።»

ይኸው! ክንዷ የሠራውን ነው ለአረፋው የምትመርቀው።

ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ቢካርቦናቶ በትንሽ ውሃ ተለውሶ ሲታሽ ቅባትና ሽታ ያነሳል፤ ጀርም ይገድላል ብሎ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው። አቼቶ ብዙውን ባክቴሪያ ያዳክማል፤ ያም ቢሆን አስቀድሞ በታጠበ ገጽ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ነው። ጥሬ ዶሮ ለተበለተበት መክተፊያ እሱን ብቻ አላምንም። አገር ቤት ጋን ሲታጠብ መጀመሪያ በግራዋ ይፈተጋል፣ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ነው በወይራ የሚታጠነው። ግራዋውንና ጭሱን አደባልቆ ባንድ ጊዜ ልገላገል ያለች ባለሙያ አላየሁም። አቼቶን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ደግሞ ከንቱነት ብቻ አይደለም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ጨውና ሎሚ ደስ የሚል ሥራ ነው። ደረቅ ጨው ይነሰነሳል፣ በግማሽ ሎሚ ይታሻል፤ ጨው ይፍቃል፣ ሎሚ የዓሣ ሽታ ያጠፋል። በካርቾፊ (አርቲቾክ) ወራት መክተፊያው ሲጠቋቁር ጥቁረቱን የሚያደበዝዘውም ይኸው ሎሚ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን መፋቅን ነው። የድሮ የሮማ እመቤቶች ፌቱቺኒ የሚዳምጡበትን ትልቅ ጣውላ ውሃ ውስጥ አይዘፈዝፉም፤ የተጣበቀውን ሊጥ ስለታም ባልሆነ የብረት መፋቂያ ፍቀው፣ እርጥብ ጨርቅ አሳልፈውበት፣ ያደርቁታል። ሥጋ ቤትም ግንዱ በየቀኑ ይፋቃል። ቆሻሻው አስቀድሞ ካልተነሳ አቼቶም ሎሚም የሚያገኙት ቆሻሻውን ነው እንጂ እንጨቱን አይደለም።

ስናጥብ ሁለቱንም ገጽ እናርጥብ፣ አንዱን ብቻ ተጠቅመን እንኳ ቢሆን። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ አንዱ ገጽ አብጦ ሌላው ደረቅ ከሆነ ይጎብጣል። ከዚያ በጠርዙ ማቆም፣ ነፋስ በሁለቱም በኩል እንዲያገኘው። ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ የሚደርቅ መክተፊያ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ ሻጋታውም የሚነሳው ከዚያ ነው። የእንጨት መክተፊያ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የሚከት ሰው ሲሰነጠቅበት ሻጩን አይውቀስ።

ሲደርቅ ዘይት ይፈልጋል። ሮማ ውስጥ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወይራ ዘይት ነው፤ እሱ ግን አይደርቅም፣ ከርሞ ይከረፋል። ለዚህ የተፈጠረው የተልባ ዘይት ነው። አየር ሲያገኘው ይጠነክራል፣ እንጨቱ ውስጥ እንዳለም ውሃ ይከላከላል። የሚበላውን፣ ንጹሑን ነው የምንገዛው፤ ቀለም ቤት የሚሸጠው የብረት ማድረቂያ ሊኖርበት ስለሚችል ለምግብ አይሆንም። ሳሳ አድርጎ ቀብቶ፣ የተረፈውን ጠርጎ፣ ቀናት መታገሥ ነው። የጠረግንበትን ጨርቅ ግን አጣጥፈን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አንወርውረው፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ የታጨቀው ጨርቅ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ውሃ ነክሮ፣ ከቤት ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ነው።