ውሃው የደፈረሰው የት ጋ ነው?

ጅቡቲ ከተማ ቧንቧ የሚከፍት ሰው ውሃው ከየት እንደመጣ አያይም። ከፊሉ ከከተማዋ ዙሪያ ጉድጓዶች ይቀዳል፤ ከፊሉ ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከአዲጋላ አካባቢ፣ በረጅም ቱቦ ተጉዞ ይደርሳል። ደፍርሶ ቢወርድ ጥፋቱ የጣሪያው ታንከር፣ የከተማው መስመር ወይም የጉድጓዱ ሊሆን ይችላል። አዲጋላ ድረስ ከመጮኽ በፊት ታንከሩን ከፍቶ ማየት ይሻላል።

ክፍት ምንጭ የምንላቸው ሶፍትዌሮችም የሚደርሱን እንዲሁ በቅብብሎሽ ነው። ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ፕሮግራሙን ከጸሐፊዎቹ ወስዶ፣ አስተካክሎ ያሽገዋል፤ ኡቡንቱ የተባለው ሌላ ሥርጭት ከደቢያን ይቀዳል፤ ከዚያ እኛ ጋ ይደርሳል። በየማለፊያው የሚነካካው እጅ ስላለ ስህተትም በየማለፊያው ሊገባ ይችላል።

ጅቡቲ ውስጥ የሚነገረውን አፋርኛ እንውሰድ። ኮምፒውተሩን በአፋርኛ የሚጠቀም ሰው ስክሪኑ ጥግ ካለው ሰዓት አጠገብ የዕለቱ ስም ተሳስቶ ቢያይ መጀመሪያ የሚወቅሰው የሰዓቱን ፕሮግራም ነው። ሰዓቱ ግን የቀን ስም ከራሱ አያመነጭም። ጂሊብሲ የተባለው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ የየአገሩን የቀንና የወር ስም የያዙ ፋይሎች አሉት። አንደኛው የጅቡቲ አፋርኛ ነው፤ ያዘጋጁትም የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንና ሳጋሌ ኦሮሞ አሳታሚ ናቸው። የእኛ አካባቢ ሰዎች የደከሙበት ፋይል በመላው ዓለም ሊኑክስ ውስጥ መቀመጡ እኔን ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ስሙ ተሳስቶ ከሆነ መታረም ያለበት እዚያ ነው፤ ለሰዓቱ ሠሪዎች የተጻፈ አቤቱታ «የእኛ አይደለም» ተብሎ ይዘጋል።

ለመለየት ተርሚናል ከፍቶ «ዴት» የምትለውን ትእዛዝ መስጠት ይበቃል። እዚያም ያው የተሳሳተ ስም ከወጣ ሰዓቱ ነፃ ነው፤ ችግሩ ከሥር ነው። እዚያ ትክክል ከሆነ ግን ወይ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው፣ ወይ ሰዓቱ ስሞቹን የሚወስደው ከሌላ ቋት፣ ለምሳሌ ከዩኒኮድ ሲኤልዲአር ነው።

ይህን ሁሉ መመርመር ያልቻለ ሰውስ? ደቢያን ለተጠቃሚዎቹ የሚለው ግልጽ ነው፦ ለእኛ ንገሩን፣ ለዋናዎቹ ጸሐፊዎች ራሳችሁ አትላኩ፤ ስህተቱ እኛ ጋ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ካስፈለገ እኛ እናሳልፋለን። ልክ ነው እላለሁ። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ፣ ከሥራ በኋላ የሚሠሩ ናቸው፤ ከዓመት በፊት ላረሙት ስህተት አቤቱታ ማንበብ ያደክማቸዋል። የኡቡንቱ ተጠቃሚ ደግሞ ላውንችፓድ በተባለው የስህተት መመዝገቢያ ላይ ቨርዥኑን፣ ምን ሲነካ ምን እንደሆነ፣ ምን ጠብቆ እንደነበር ይጻፍ።

የደኅንነት ቀዳዳ ግን መጀመሪያ በአደባባይ አይነገርም። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ገንቢ ኤስኤስኤች በተባለው የርቀት መግቢያ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደሚዘገይበት አስተዋለ። ተከታትሎ ሲደርስበት ኤክስዜድ የተባለው ፋይል ማመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተሰወረ የጓሮ በር አገኘ። መጀመሪያ የደቢያን ብቻ ችግር መስሎት ለደቢያን የደኅንነት ቡድን ጻፈ፤ ቀጥሎ ሥርጭቶቹ በዝግ ለሚነጋገሩበት አድራሻ ላከ። ለኤክስዜድ ባለቤቶች አልጻፈም፤ ምልክቶቹ የተበከለው ምንጩ ራሱ መሆኑን ያሳዩ ነበርና። መጋቢት መጨረሻ ላይ ጉዳዩን ለሕዝብ ሲያወጣ ደቢያን የኤክስዜድን ቨርዥን 5.6.1 ትቶ ወደ 5.4.5 ተመልሶ ነበር።