ደረቅ ቼክ ሲያጋጥም ገንዘብን በሕግ ማስመለስ

በአቦምሳም ሆነ በሌሎች የአርሲ ከተሞች እህሉን ለነጋዴ አስረክቦ ቼክ የተቀበለ አርሶ አደር፣ ባንክ ሲደርስ «በቂ ስንቅ የለውም» የሚል መልስ ሊገጥመው ይችላል። በዚህ ጊዜ ቀዳሚው እርምጃ ባንኩ ክፍያውን ያልፈጸመበትን ምክንያት በማኅተም በተደገፈ ጽሑፍ መቀበልና ዋናውን ቼክ በጥንቃቄ መያዝ ነው።

በቂ ስንቅ እንደሌለው እያወቁ ቼክ ማውጣት በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት በእስራት ያስቀጣል፤ አቤቱታውም ለፖሊስ ይቀርባል። ይሁን እንጂ የቼክ አውጪው መታሰር ብቻውን ገንዘቡን አያስመልስም። ለዚህ የፍትሐ ብሔር ክስ ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 284 በቼክ ላይ የተመሠረተ ክስ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ ይፈቅዳል፤ ተከሳሹ መከራከር የሚችለው ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድለት ነው።

መብትን የሚያሳጣው መዘግየት ነው። በ1952 የንግድ ሕግ መሠረት ቼክ በላዩ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለበት፤ የቼኩ ክስም ይህ ጊዜ ካበቃ በኋላ በሚቆጠር 6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ዛሬ ነገ እከፍላለሁ» በሚል ተስፋ ብቻ ይህን ቀነ ገደብ ማሳለፍ አይገባም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጥንቃቄ ነው፤ ሻጩ እህሉን ከማስረከቡ በፊት ክፍያው በባንክ በተረጋገጠ ሲፒኦ ወይም በቀጥታ ወደ ሒሳቡ እንዲገባለት ቢጠይቅ ከፍርድ ቤት ደጅ መጥናት ይድናል።