ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን አንብቡ (ለፕራዶና ለሃይሉክስ ባለቤቶች)

«ጎማ ልቀይር ነው፣ ምን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ክረምት ሲቃረብ ኢንቦክሴን ያጨናንቀዋል። አብዛኛው ጠያቂ የሚጠብቀው የብራንድ ስም ነው። እኔ ግን ብራንዱን መጨረሻ ላይ ነው የማነሳው። ከሱ በፊት የሚወሰኑ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ቁጥሩ፣ ጥርሱና የተመረተበት ጊዜ። ይህን የምጽፈው ከፋብሪካ እንደወጣች ላለች፣ ከፍ ላልተደረገችና ላልተነካካች ፎር ዊል መኪና ነው።

1. ቁጥሩ

የሾፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ስቲከር እዩ። ብዙ ፕራዶና ሃይሉክስ ላይ 265/65 አር 17 የሚል ታገኛላችሁ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ 17 ደግሞ ቸርኬው በኢንች ነው።

አሁን እነዚህን አስተያዩ፦ 265/70 አር 16፣ 265/65 አር 17 እና 265/60 አር 18። ሦስቱም ተገጥመው ሲቆሙ ቁመታቸው 776 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቶዮታ ቸርኬውን ባሳደገ ቁጥር የጎማውን ጎን እያሳጠረ ጠቅላላ ቁመቱን ሳይነካ አቆይቶታል። ማርሹም፣ ፍሬኑም፣ የፍጥነት መቁጠሪያውም የተሠሩት ለዚያ ቁመት ነው።

«አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋት፣ ታምራለች» የሚላችሁ አይጠፋም። 265/70 አር 17 ብትገጥሙ ቁመቱ 803 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ድሮ 100 ትሄዱ በነበረበት የመቁጠሪያ ንባብ አሁን ከ103 በላይ ትሄዳላችሁ። ዳገት ላይ መኪናዋ ትከብዳለች። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ ሸክሙ ወደ ፍሬኑ ይዞራል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ሰው ይህን ልዩነት በእግሩ ያውቀዋል።

ከመጠኑ ቀጥሎ 112 ኤስ የሚል ካያችሁ፣ 112 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ኤስ እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ሻጩ መጠኑ አንድ ሆኖ 109 ያለበትን ቢያመጣላችሁ የአንዱ ጎማ አቅም ወደ 1,030 ኪሎ ወርዷል። ስቲከሩ ወይም የመኪናዋ መመሪያ ከሚለው በታች አትውረዱ።

2. ጥርሱ

ኤችቲ የአስፋልት ጎማ ነው፤ ዝም ይላል፣ ነዳጅም አይበላም። መኪናችሁ ከቦሌ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዳማ ከሆነ ውሎዋ ይበቃችኋል።

ኤምቲ የጭቃ ጎማ ነው። ጥርሱ ትልልቅ፣ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ የዋልካ ጭቃ ሲሞላው በሽክርክሪቱ ወርውሮ ራሱን ያጸዳል። ነገር ግን ያው ክፍተት አስፋልት ላይ መሬት የሚነካውን ጎማ ያሳንሰዋል፤ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። ጩኸቱና የነዳጅ ፍጆታው ሌላ ናቸው። ለቁመናው ብላችሁ አትግዙት።

ኤቲ የሁለቱ መካከል ነው። ፒስታና ኮረኮንች ላይ ከኤችቲ ይሻላል፣ አስፋልት ላይ ደግሞ እንደ ኤምቲ አያስቸግርም። ድክመቱ ዋልካ ነው፤ ጥርሱ ውስጥ ጭቃው ሲጠቀጠቅ እንደ ለስላሳ ጎማ ይንሸራተታል። ጭነት የሚያበዛና ድንጋይ የሚበዛበት መንገድ ላይ የሚውል ፒካፕ ካላችሁ ከመጠኑ በፊት ኤልቲ የሚል ምልክት ያለበትን ጠይቁ። ውስጡ ጠንከር ያለ ነው። ያንኑ ጭነት ለመሸከም ግን ከተራው የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል፣ ባዶ ስትሆኑም ይንጣችኋል።

3. ዕድሜው

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። መርካቶ ጎማ ተራ ስትገቡ ጎማው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ያብረቀርቃል። ቁጭ በሉና ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች ፈልጉ። ካጣችኋቸው ጎማውን አዙሩት፤ ብዙ ጊዜ ሙሉው ጽሑፍ በአንድ በኩል ብቻ ነው ያለው። 2518 የሚል ካገኛችሁ በ2018 በ25ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው።

የኛ 2018 እንዳይመስላችሁ! ፋብሪካው የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ይህ ጎማ የወጣው በእኛ ሰኔ 2010 ነው። «የኛ 2018 ነው» ብሎ 18ን የሚያሳያችሁ ሻጭ ቢገጥማችሁ አትከራከሩ፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ። ብዙ መኪና አምራቾች ጥርሱ ባያልቅም ጎማ ከ6 ዓመት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ የጎማ አምራቾች ደግሞ 10 ዓመትን የመጨረሻ ጣሪያ ያደርጉታል። ላስቲክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል።

4. ስንት ልቀይር?

አቅም ከፈቀደ አራቱንም፣ አንድ ዓይነት። ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የምትነዳ ናት፤ የፊትና የኋላ ጎማ ቁመት ከተለያየ መካከለኛው ዲፈረንሻል ያለ እረፍት ይሠራል። ሁለት ብቻ ከገዛችሁ ግን ጥንዱ አንድ ዓይነት ይሁን፣ አዲሶቹም ከኋላ ይግቡ። እርጥብ መንገድ ላይ የኋላው ቀድሞ ከከዳ መኪናዋን በመሪ መመለስ ከባድ ነው። ስኮርታውም መጠኑ ከአራቱ ጋር አንድ መሆን አለበት።

ጎሚስታው ሲገጥም ቫልቩንም ይቀይር፣ ባላንስ ይሥራ፤ ከዚያ አላይመንት ታዩ። ንፋሱን ጠዋት፣ ሳትነዱ፣ ስቲከሩ በሚለው ልክ ሙሉ (ኤልቲ ግን እንዳልኩት ከዚያ በላይ ይፈልጋል)። ወደ አዋሽና ሰመራ ስትወርዱ ጎማው ግሎ ንፋሱ ከፍ ብሎ ብታገኙት አታስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ይጎድልባችኋል። የጎደለ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይበልጥ ይግላል፣ ረጅም መንገድ ላይ የሚፈነዳውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

የኔ ፍርድ ይኸው፦ ከተማ ውሎ አልፎ አልፎ ገጠር ለሚወጣ ሰው፣ በስቲከሩ መጠን፣ የመሸከም አቅሙ ያልወረደ፣ ከተመረተ ሁለት ዓመት ያልሞላው ኤቲ። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ብራንዱን ኪሳችሁ ይምረጥ። ዛሬውኑ የበሩን ስቲከር ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ጎማ ለመቀየር ለተነሳ ወዳጃችሁም ይህን ፖስት ላኩለት።