ክኩ የት ቀረ?

ባለፈው የራሽን ቀን ማሽላና ዘይት ተቀብለን፣ ክክ ሳናይ ወደየቤታችን ተመለስን። ሰልፉ ላይ ያልተወራ የለም። «መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል» ያለ አለ፤ «ሸጠውት ነው» ያለም አለ። እኛም አብረን አጉረምርመናል፣ አንዋሽም። በኋላ ግን አንድ ጆንያ ክክ ካኩማ እስኪደርስ የሚያልፍበትን ብናውቅ ጥያቄያችንን ለማን እንደምናቀርብ እናውቅ ነበር ብለን ይህችን ጻፍን።

ነገሩ የሚጀምረው ከቆጠራ ነው። ስንት ሰው፣ በነፍስ ወከፍ ስንት ግራም፣ ለስንት ወር? ከዚያ ገንዘብ ይለመናል። ገንዘቡ ሲገኝ ግዢ፣ መርከብ፣ ሞምባሳ ወደብ፣ ጉምሩክ፤ ቀጥሎም በኪታሌና በሎድዋር በኩል ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የመኪና መንገድ። ይህ ሁሉ ሦስት አራት ወር ይፈጃል። ለዚህም ነው የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል አስቀድሞ እየገዛ በየአካባቢው ማከማቸት የጀመረው። እንግዲህ ዛሬ ያጣነው ክክ የጎደለው ምናልባት ከወራት በፊት ነው ማለት ነው።

ባሕሩም የራሱ ጣጣ አለው። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ መርከብ ስዊዝ ቦይ ላይ ተጋድሞ ለስድስት ቀን መንገድ ዘግቷል። ከኅዳር 2023 ጀምሮ ደግሞ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ስለተጠቁ ብዙዎቹ አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞረው ለመሄድ ተገደዋል።

በነሐሴ 2022 ከዩክሬን ተነሥቶ ለኢትዮጵያ ወገኖቻችን 23,000 ቶን ስንዴ ይዞ ጅቡቲ የገባውን መርከብ ለሒሳብ ክፍል ሰጥተነው ነበር። ልጆቹ በ50 ኪሎ ጆንያ 460,000፣ በ30 ቶን መኪና ደግሞ ከ760 በላይ ምልልስ ብለው አወጡ። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ይሄን ሁሉ ሾፌር ከየት ያመጡታል?» አለች። መልስ አልነበረንም።

ሆኖም ሁሉንም በመንገድና በባሕር አናሳብብም። በ2025 ራሽናችን ከሙሉው 28 በመቶ ድረስ የወረደው መርከብ ስለዘገየ ሳይሆን ገንዘብ ስለጠፋ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ይጠየቃሉ። ዘግይቷል ከተባልን፦ ታዟል ወይ? ሞምባሳ ገብቷል? የተጫነው መቼ ነው? አልተገዛም ከተባልን ደግሞ እስከ መቼ እንደሆነ ቁርጡ ይነገረን፤ ማሽላውን ለወፍጮ ሸጦ የሚጨርስ ቤተሰብ ከወዲሁ እንዲያስብበት።

የብሎክ መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባ እነዚህን ጥያቄዎች እንዲያነሡልን አደራ ብለናል። የሚሰጠውን መልስ በዚሁ ገጽ እናወጣለን።